ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ስልኬ ሲጮህ ሰበታ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የደወሉት ኦቦ ደበላ ናቸው፣ የሱሉልታው የእድር ዳኛ። ኦቦ ደበላ ሰላምታ ማሳጠር አያውቁም፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹና ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። የዚያን ቀን ግን «አካም» እንኳ ሳይሉኝ፣ «ገመቹ፣ ድንኳኑ ተተክሏል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «የአሁኑ የእውነት ነው» አሉ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሽንኩርት ሻጯ የምሥራች የሰማሁ መስሏት አብራኝ ፈገግ አለች። ወዲያው እንባዬ ሲወርድ ግን ግራ ገብቷት ሽንኩርቱን ከፊቴ ሰበሰበችው። ዶክተር የሺ ሞተዋል ማለት ነበር። በዚህ ዜና ምን እንዳሳቀኝ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ዶክተር የሺ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ነበሩ፤ እኔ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የምድር ንዝረት መመዝገቢያ መሣሪያ የምተክልና የምጠግን ቴክኒሻን ነኝ። አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው። መነጽራቸው ወፍራም፣ ጫማቸው በጋም ክረምትም የጎማ ቦቲ። ምድርን «ሴትዮዋ» ነበር የሚሏት። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ እኔን «እንዴት አደርክ?» ከማለታቸው በፊት «ሴትዮዋ እንዴት አደረች?» ይሉ ነበር። እኔም ለምጄው «ደህና አድራለች፣ አፋር አካባቢ ትንሽ አስነጥሷታል» እላቸዋለሁ።

ሱሉልታ ቤት ሠርተው የገቡ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» ሲባል ሰምቶ ጨጓራውንና ወገቡን ይዞ ይመጣባቸው ነበር። አንዱንም አልመለሱም። «ሆድህን ጤና ጣቢያ አሳየው። ቤትህን ግን እኔ መጥቼ ልየው» ይሉና ተከትለውት ይሄዳሉ። ግድግዳውን ይገፋሉ፣ ቁምሳጥኑን ያወዛውዛሉ፣ ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ ያወርዳሉ። በዚህ ዓይነት በሰፈሩ ያልገፉት ግድግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። እጅ የሰጡት አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ኦቦ ደበላ ሳሎን። እዚያ ብርጭቆ የሞላበት፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የተደገፈ ቡፌ አለ። ከሥሩ ደግሞ ኦቦ ደበላ ከሰዓት በኋላ ጋደም የሚሉበት መደብ አለ። «ኦቦ ደበላ፣ ይሄን ቡፌ ከግድግዳው ጋር ያሳስሩት» ይሏቸዋል። «እኔ ያላሰርኩት በሬ አለ፣ ቡፌ ልሰር?» ይላሉ ኦቦ ደበላ። ይህ ንግግር ለዓመታት በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይደገም ነበር።

አንድ ሌላ ጠባይ ነበራቸው። በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ፣ በጎጃም መንገድ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሳያዩ በእግራቸው ያውቁታል። «ይሄ ባዶውን ነው። ይሄኛው አሸዋ ነው። ይሄ ሲሚንቶ ነው፣ ያውም ከልኩ በላይ ጭኗል» ይላሉ። እኔ ብድግ ብዬ አይቼ «ልክ ነዎት» ስል የአስር ዓመት ልጅ ነው የሚመስሉት። መኪኖቹን ግን አይወዷቸውም ነበር። «ሴትዮዋ ስታወራ እነሱ እየጮሁባት!» ይሉ ነበር።

የዕድሜ ልክ ምኞታቸው አንድ ነበር፦ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመምጣቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀድመው ማወቅ። ትልቁ ሳይመጣ በፊት በአካባቢው ያሉት ትናንሾቹ ጠባያቸውን ይለውጣሉ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጠው ቦታ በድንገት ጸጥ ይላል፣ ጸጥ ያለው ደግሞ ይነሣል፣ ወይም ተበታትነው የነበሩት ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ። «ገበያ ሊበተን ሲል ድምፁ አይለወጥም?» ይሉኛል። «አይንህን ጨፍነህ እንኳ ታውቀዋለህ። እሷም እንደዚያ ናት።» በዓለም ላይ ይህን በእርግጠኝነት የቻለ ሰው እንደሌለ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ባልደረቦቻቸውም ሊቀልዱባቸው ሲፈልጉ «የሺ፣ ቀጠሮ ሰጠችሽ?» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት መሣሪያ ለምነው አዲስ አበባን እንደ ጉልቻ ከበቧት፤ አንዱን ሰበታ፣ አንዱን ቡራዩ፣ አንዱን ሱሉልታ አስተከሉ። ሦስቱም ዋና መንገድ አጠገብ ነበሩ፤ ጠባቂና መብራት የተገኘው እዚያ ስለሆነ ነው።

የሱሉልታውን የተከልነው ከኦቦ ደበላ መሬት ጥግ ላይ ነው። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይጠፋበት ጊዜ ነበር። ከተማው ወደ እኛ ሊመጣ ነው፣ የእርሻ መሬት ሊወሰድ ነው እየተባለ፣ ገበሬው ሜትርና ችካል የያዘ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል። እኛ ደግሞ ሜትርም ችካልም ይዘን ነበር! ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ይዘው ከማሳው ወዲያ ማዶ እየሮጡ ሲመጡ እኔ ወደ መኪናው ሸሸሁ። ዶክተር የሺ ቦቲያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ማን ለኪ ብሎሽ ነው መሬቴን የምትለኪው?»

«እኔ የመሬትዎን ስፋት አይደለም የምለካው። ጠባይዋን ነው።»

«የመሬቴን ጠባይ? እኔን አትጠይቂኝም ነበር? ኖሬባታለሁ!»

«እሺ ይንገሩኝ። ተንቀጥቅጣ ታውቃለች?»

ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ። ልጅ ሆነው አንድ ቀን እንስራ ከቦታው ሲንሸራተት ያዩ ነበር፤ ያንን ተረኩላቸው። ከዚያ የእናታቸውን ነገር፣ ከዚያ የእንስራውን መጨረሻ ተረኩ። እኔ ከመኪናው ወርጄ ስመጣ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሲለያዩ ዶክተር የሺ፣ «መሬትም የራሷ ማስተር ፕላን አላት፤ ለማንም አታሳይም» አሏቸው። «የሰዎቹንስ ማን አሳየን፣ አዴ» አሉ ኦቦ ደበላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አዴ የሺ»፣ እናት የሺ እንደማለት፣ ሆነው ቀሩ፣ የእድሩም አባል ሆኑ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲብስ መንገዱ ይዘጋ ጀመር። የዚያን ሰሞን ነገር እንደ ቀልድ አይወራም። ልጅ ያልታሰረበት ወይም ያልቆሰለበት ቤት ጥቂት ነው፣ የእድሩም ድንኳን ወጣቶች ለቀበሩ ቤቶች ተተክሎ ነበር። አንድ ሳምንት ደግሞ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሱቅ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ከባድ መኪና የሚባል ከመንገዱ ጠፋ። ኢንተርኔትም ተቋርጧል። እኔ ከሰበታና ከቡራዩ መሣሪያዎች ሜሞሪ ካርዶቹን አውጥቼ፣ መንገዱን ጥቂት በባጃጅ ጥቂት በጋሪ እያልኩ፣ የቀረውን በእግሬ ተጉዤ ሱሉልታ ገባሁ። ሽቦና ካርድ ይዞ መገኘት ጥሩ ስላልነበር ካልሲዬ ውስጥ ነው የሸጎጥኳቸው። ዶክተር የሺ ካርዶቹን በሁለት ጣት ይዘው፣ «ሴትዮዋን በካልሲ!» አሉ።

ኮምፒውተሩን ከፍተን ስናይ ግን ቀልዱ ቆመ። በሦስቱም መሣሪያዎች ላይ፣ ከስምጥ ሸለቆው ወገን የሚመጡ ትናንሽ ንቅናቄዎች ከላይ እስከ ታች ሞልተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከነዚህ መሣሪያዎች አይተን አናውቅም። ያው ጠባይ በሦስቱም ላይ ስለታየ የመሣሪያ ብልሽት ነው ሊባል አይችልም። የሌላ ቦታ መዝገብ እንዳናመሳክር ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ዶክተር የሺ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ስሜን አቆላምጠው፣ ቀስ ብለው «ገሜ፣ መጣች» አሉ። በደስታ ይሁን በፍርሃት ያሉት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱም ነበሩበት።

«ለማን እንናገር?» አልኳቸው። ቢሮ ዝግ ነው።

«ለአገር እኔ አልናገርም፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። «ግን ገሜ፣ ዝም ብዬ ጣራው በደበላ ላይ ቢወርድ፣ ምን ይዋጠኝ? ተናግሬ ደግሞ ባይመጣስ? ሁለተኛ ማን ይሰማኛል?» የነበሩበት ጭንቅ ይኸው ነበር። ቢሳሳቱ የሚያጡት የሰፈሩን እምነት ነው። ያለዚያ እምነት ደግሞ የገፉት ግድግዳና ያሳሰሩት ቁምሳጥን ሁሉ የአንዲት አሮጊት ቅዠት ይሆናል።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ቆመው ተናገሩ። ኦቦ ደበላ ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁ፣

«መቼ ነው?»

«ቀኑን አላውቅም። በቅርቡ ይመስለኛል።»

«የት?»

«ከወደ ስምጥ ሸለቆው። እዚህ ምን ያህል እንደሚደርስ አላውቅም።»

«ታዲያ፣ አዴ፣ ምንድን ነው የምታውቂው?»

ሰው ሳቀ። ዶክተር የሺም ሳቁ። «ጠባይዋ መለወጡን» አሉ። «ከደካማ ቤት ወጥታችሁ ሜዳው ላይ እደሩ ነው የምላችሁ። ድንኳኑ ይተከል።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የእድር ድንኳን ሰው ሳይሞት ተተክሎ አያውቅም፤ ሟርት ነው ያሉም ነበሩ። ኦቦ ደበላ ተነሡና፣ «ዘንድሮ ይህን ድንኳን ለልጆቻችን ተከልነው» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ በሕይወት ላለ ሰው እንትከለው።» ድንኳኑ ሜዳው ላይ ተተከለ፣ ወንበሩም ሰሌኑም ወጣ።

እንግዲህ ሜዳ ላይ ድንኳን ሲታይ መንገደኛ ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። በማግስቱ ጠዋት አንዲት የማናውቃቸው ሴት ታክሲ ጠፍቶ በእግራቸው ሲያልፉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ «ወይኔ ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ተቀብለን አስቀመጥናቸው። ትንሽ አልቅሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ማነው የሞተው?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አስለቀሳችሁኝ?» ብለው ተቆጡ። ዶክተር የሺ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡላቸውና ነገሩን ሁሉ አስረዷቸው። መንገደኛዋ በልተው ሲጨርሱ ልሂድ አላሉም። «የኔም ቤት ግድግዳ ደህና አይደለም» ብለው ሰሌን ጠየቁ።

ቀጥሎ የመጡት ፖሊሶች ናቸው። ሰው መሰብሰቡ በክፉ ዓይን የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ከፒካፑ ሲወርዱ ሁላችንም ደነገጥን። ኃላፊያቸው ወጣት ነው፣ ፊቱ እንቅልፍ አጥቷል።

«የምን ስብሰባ ነው?»

«የመሬት መንቀጥቀጥ እየጠበቅን ነው» አሉ ኦቦ ደበላ።

ልጁ የተቀለደበት መሰለው። «ፈቃድ አላችሁ?»

«እሷም አልጠየቀችም» አሉ ዶክተር የሺ፣ ከኋላ በቦቲያቸው ብቅ ብለው። ከዚያ ገበያውን፣ ድምፁን፣ ሴትዮዋን አንድ በአንድ ነገሩት። ልጁ ድንኳኑን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ሕፃናት፣ አሮጊቶች፣ የተጋደመች አንዲት አራስ። ወደ ፒካፑ ተመለሰ። ሊገባ ሲል ደግሞ ብቻውን መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ሰንዳፋ ነው ያለችው፤ እዚያስ ይደርሳል?» አላቸው። ዶክተር የሺ እጁን ያዙና፣ «ከአልጋዋ ራስጌ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። ቁምሳጥን ነበር። ደውሎ ሲያስነሣ ሰማነው።

ጥቂት ቀናት እንዲህ አለፉ። ሴትዮዋ ትንፍሽ አላለችም። ሰው መሰልቸት፣ ልጆችም በድንኳኑ ገመድ መዝለል ጀመሩ። አንድ ረፋድ ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። እኔና ዶክተር የሺ ከድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነበር። ከእግራችን ሥር ትንሽ ንዝረት መጣ። ዶክተር የሺ እንደ ልማዳቸው፣ ሳያዩ፣ «ሲሚንቶ ነው» አሉ።

ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ገሜ!»

«አቤት!»

«መኪናው!»

እኔ አሁንም አልገባኝም። ተነሥተው እስከ መሣሪያው ቤት ድረስ በቦቲያቸው ሮጡ፣ ተከተልኳቸው። ካርዱን አውጥተን ስናይ መኪኖቹ ማለፍ ከጀመሩበት ሰዓት ወዲህ ያ ሁሉ ትናንሽ ንቅናቄ የለም። በመኪኖቹ ጫጫታ ተሸፍኗል። ድሮም የነበሩ ናቸው፤ ከባድ መኪኖቹ እየጮሁባቸው አይሰሙም ነበር እንጂ። መንገዱ ሲዘጋ፣ መሣሪያዎቻችን ከተተከሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድርን በቅጡ ሰሟት። ሠርግ ቤት ሙዚቃው ሲቆም የጓዳው ጭቅጭቅ እንደሚሰማው ማለት ነው።

«እሷ አልጨመረችም» አሉ ዶክተር የሺ፣ መሬቱ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀምጠው። «እኛ ነን ዝም ያልነው።» መኪናን በእግሯ የምታውቅ ሴት መኪና ሲጠፋ አላወቀችም። በጣም ይፈልጉት ስለነበር ይመስለኛል።

አሳዘኑኝ። «ዶክተር፣ አደጋው አልፏል ብለን ድንኳኑን እናንሣ፤ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። «አላለፈም፣ አልመጣምም! ነገም ሊመጣ ይችላል፣ አላውቅም! አለማወቄን ደብቄ ነገ ምን ብዬ ደበላን ቡፌህን እሰር እለዋለሁ?» ወደ ድንኳኑ ተመልሰው፣ ሁሉን ሰብስበው፣ መኪናውንም ጫጫታውንም ምኞታቸውንም ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሲጨርሱ «ተሳስቼ ከቤታችሁ አስወጥቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ሆነብኝ።

ሁሉም ኦቦ ደበላን ያይ ጀመር። ኦቦ ደበላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እድሩ ያለ ሞት ድንኳን ያስተከለ ሰው የሚቀጣበት ደንብ የለውም» አሉ። «ስለዚህ ዛሬ እናወጣለን። አዴ የሺ በየዓመቱ ድንኳኑ ለንፋስ ሲወጣ ትገኛለች። የተቀደደውን ትሰፋለች። ለሁላችን የሚበቃ ዳቦ ትጋግራለች። ለልጆቹም መሬት ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ ታስተምራለች። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። እኚያ አልቃሽ መንገደኛ ሳይቀሩ «ዕድሜ ልክ ትንሽ ነው!» ብለው ጮኹ። ዶክተር የሺ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ያለቅሱ ነበር።

ቅጣታቸውን እንደ በዓል ነው የፈጸሙት። በየዓመቱ እኔም ከሰበታ እሄዳለሁ። ድንኳኑ ይዘረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ልጆች «ጠረጴዛ ሥር!» ሲባል እየተጋፉ ይገባሉ። መርፌ መያዝ ስለማያውቁ የሰፉት ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ይተረተራል። በቢሮ በኩል ደግሞ የድሮ መዝገቦቻቸውን እንደገና መርምረው፣ ምድር ጠባይዋን ለወጠች ብለው የጻፉትን ከመንገድ ሥራና ከድንጋይ ፈለጣ ጋር ያስተያዩት ጀመር። አንድ ቀን ከቢሯቸው የሳቅ ድምፅ ሰምቼ ብገባ፣ «ገሜ፣ ግማሹ ግኝቴ አስፋልት ነው!» አሉኝ። ጡረታ ሲወጡ ያንን ሁሉ ለወጣቶቹ አስረክበው፣ «እኔ የሳትኩትን እያወቃችሁ ጀምሩ» አሏቸው። አንድ ጊዜ ቀድሞ የማወቁ ምኞት ግን አልወጣላቸውም።

እናም ድንኳኑ በእውነት ተተከለላቸው። ሱሉልታ ስደርስ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በቀብሩ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ኦቦ ደበላ ከአጠገቤ ናቸው፤ ያ የመደባቸው ሰዓት ስለሆነ ዓይናቸው ይከደናል። ከእግራችን ሥር ንዝረት መጣ። አንዱ «መኪና ነው» አለ። ኦቦ ደበላ ዓይናቸውን ገልጠው ሁለት እግራቸውን አደላድለው መሬቱ ላይ ተከሉ።

«መኪና አይደለም» አሉ።

ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጩ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ተወዛወዘ። የጮኸም የሮጠም የለም። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ከስምጥ ሸለቆው የመጣ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደክሟል። ሰው ከደነገጠው ይልቅ ዶክተር የሺ ይህን ሳያዩ መቅረታቸው ነው የቆጨው።

ኦቦ ደበላ ቤታቸውን አይተው ሊመጡ ሄዱ። ሲዘገዩብኝ ተከተልኳቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ቆመዋል። ቡፌው ከድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ፣ ከነብርጭቆው፣ መደባቸው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ትራሱ ከሥሩ ነው።

ዱላቸውን ተደግፈው፣ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አዩ።

«ይኸው ድንኳኑ ቀድሞ ተተክሎ ነበር፣ ገመቹ» አሉ። «እኛም ከቤት ወጥተን ነበር። ምን ቀራት? አዴ የሺ አንድ ጊዜ ቀደመቻት።»

ገመድና ምስማር ፈልግልኝ አሉኝ። ለቅሶው ሳያልቅ ቡፌውን አንሥተን ከግድግዳው ጋር አሰርነው።